የፊልሙ መጨረሻ አንቺ እንዳልሽው ነበር

ውድ ኑርሀን፣

አሰላሙ አለይኩም። መምህርታችን ፋና ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል ብላ አስተምራናለች። እኔ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ከርሜ ዛሬ ተነስቼ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብል አንቺ ራስሽ ትስቂብኛለሽ። ስለዚህ ጤናሽን ከአክስትሽ ከአዴ ሃሊሞ ጠይቄ ደርሼበታለሁ። ሐረር ላይ ሱቅ እንዳለሽ፣ ሦስት ልጆች እንደወለድሽ፣ ባለቤትሽም ጨዋ ሰው እንደሆነ ነግራኛለች። አልሐምዱሊላህ። ይህን ደብዳቤ ለእሱም አንብቢለት፤ የሚደበቅ ነገር የለበትም። የሚያሳፍር ነገር ግን አለበት፤ የሚያሳፍረውም እኔን ብቻ ነው።

ዛኪር ነኝ። የሳሃል ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ የነበርኩት። አሁን ባጃጅ እነዳለሁ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። መጋላ ውስጥ ባለው የማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ከሃያ ሁለት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። እሺ፣ ሁለተኛ። አንደኛ የወጣችው አክስትሽ ናት። በዚህ ወረቀት ላይ ላልዋሽ ምዬ ስለጀመርኩ ነው ያስተካከልኩት። ምራቄን ሳልውጥ ዋሸሁ፤ አየሽው?

ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴ፣ ዛኪር ያኔ አረብኛና እንግሊዝኛ ያነብ አልነበር እንዴ?» ይለኝ ነበር። አንቺ ግን እንደዚያ አትይም። አንቺ ታውቂ ነበር። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ያን ቤት ታስታውሺዋለሽ። ቆርቆሮው ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግል ነበር፤ ሰው ግን ጫቱን ይዞ፣ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይደረደራል። እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ፊልሙን ለሕዝብ አስተረጉማለሁ። አንቺ ሻይና የአዴ ሃሊሞን ሳምቡሳ በትሪ ይዘሽ በመሃል ታልፊያለሽ። ሳሃል የካራቴ ካሴት ያመጣል፤ በሁለት ሳምንት ይሰለቻል። የህንድ ያመጣል፤ ይለቀስና ይረሳል። ያቺ ከጅቡቲ በባቡር፣ በነጋዴ ሴቶች ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልላ የመጣች ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልም ግን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ዓመት ታየች፤ አንድም ቀን ቤቱ ጎድሎ አያውቅም። ሰው አልሞተባትም፣ ጥይት አልተተኮሰባትም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ይነታረካሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ግን ሰው ቃል በቃል ሸምድዷት እንኳ ሰውዬው የሚሽከረከረው በር ውስጥ ተጣብቆ ሦስቴ ሲዞር፣ እንደ አዲስ እየተንከባለለ ይስቅ ነበር።

ሰውዬው የሆቴሉ መስኮት አጣቢ ነው። የመርከብ ባለቤት ነኝ እያለ በተውሶ ባርኔጣ ይንጎራደዳል። ልጅቷ ደግሞ የሆቴሉ ስልክ አገናኝ ናት፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው በጆሮዋ ነው የሚያልፈው። ሌላው ሁሉ ይሸወዳል። እሷ ትነተርከዋለች፣ ታሾፍበታለች፣ ግን አታጋልጠውም።

ከፊልሙ ግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ አረብኛ ነበር። ቤቱ ውስጥ ቁርዓን የሚቀራ ሞልቷል፤ አረብኛው የሚገባው ግን ከተቀመጡት አንድም አልነበረም። እኔ ደግሞ መቅራትም አልችልም ነበር፤ ከመድረሳ በሁለተኛው ሳምንት ነው ጠፍቼ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ስጫወት የተያዝኩት። ታዲያ ምን አደርግ ነበር? ከራሴ ነበር የማወራው! የሆቴሉን ዘበኛ ኮንትሮባንድ የሚፈትሽ ፊናንስ አደረግኩት፤ «ሻንጣህን ክፈት! ይሄ ሩዝ ከየት ገባ?» ሲል ሰው በሳቅ ይሞታል። ሥራ አስኪያጁን የከዚራ ሰፈር ባለቪላ አደረግኩት። ትንሿ ውሻ ሳትቀር በእኔ አፍ ትሳደብ ነበር። ወላሂ ኑርሀን፣ ጎበዝ ነበርኩ። ይህቺን ብቻ እንድኮራባት ፍቀጂልኝ። ፊልሟ ሦስት ዓመት የቆየችው በእኔ ምላስ ነው ብዬ አምን ነበር።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የካሴቱን ሽፋን ከፍ አድርጌ ይዤ «እነሆ፣ እዚህ ላይ እንደተጻፈው...» እያልኩ አነብ ነበር፤ ማለቴ፣ የማነብ እመስል ነበር። አንቺ ደግሞ ትሪሽን እንደያዝሽ ትመጪና «አቧራ አለው» ብለሽ ሽፋኑን ከእጄ ትወስጃለሽ፤ በሻሽሽ ጫፍ ጠረግ አድርገሽ ትመልሽልኛለሽ። ሁልጊዜ ዓርብ። እኔ ጅሉ እጄን ለመንካት ሰበብ ፈልጋ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ለእነኻሊፍ ጉራ ነዛሁ። ስትመልሽልኝ ሽፋኑ መዞሩ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለካ ዘቅዝቄ እየያዝኩት፣ አንቺ ነሽ የምታቃኚው። አንድ ቀን እንኳ «ዘቀዘቅከው» ብለሽኝ አታውቂም።

አሁን ወደዚያ ዓርብ ልመጣ ነው። እጄ ይከብደኛል፤ የፊደሉ ነገር አይደለም።

ፊልሙ መጨረሻው ላይ ደርሷል። ባቡር ጣቢያው ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ ሰውዬው የተውሶውን ባርኔጣ አውልቆ አንድ ነገር ይናገራል። እኔ ደረቴን ነፍቼ «መርከቦቼን በሙሉ ላንቺ ስል ሸጥኳቸው!» አልኩ። ልጅቷ መልስ ስትሰጥ ደግሞ ድምፄን አቅጥኜ «ይቅር በለኝ ጌታዬ፣ ካላንተ መኖር አልችልም!» አልኩ። ቤቱ በፉጨት ተናጋ። ፉጨቱ ጋብ ሲል የአንቺ ድምፅ ተሰማ።

«እንደሱ አላለችም።»

ለራስሽ ነበር ያልሽው። ግን ቤቱ ጸጥ ያለበት ሰዓት ሆነና ሁሉም ዞረ። ኻሊፍ፣ ያ ለክፋት የማይደክመው ጓደኛዬ፣ «እና ምን አለች?» ብሎ ጠየቀሽ።

መጀመሪያ እኔን አየሽኝ። ዛሬም ያ አስተያየትሽ አለ እዚህ፣ ግንባሬ ላይ። ልናገር ወይስ ልተው ብለሽ የጠየቅሽኝ ይመስለኛል። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ቀስ ብለሽ፣ «‹ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ የጠበቅኩት ውሸቱ እስኪደክምህ ነው› ነው ያለችው። ከስር ተጽፏል» አልሽ።

አባትሽ የመን፣ ኤደን ከተማ የኖሩ ሰው እንደነበሩ፣ አረብኛ ከቤትሽ እንደሚወራ ማን ያላወቀ አለ? አንድ ደቂቃ ዝም ብል ኖሮ ሰው ይገባው ነበር። ሳሃል ሳይቀር ጽሑፉን አጎንብሶ ማየት ጀምሮ ነበር። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝና ምላሴ ከእኔ ቀድማ ሮጠች።

«ያ ጀመዓ! ብርጭቆ ስታጥብ አረብኛ ተማረች እኮ! ተነሱ፣ ተነሱ፣ ፕሮፌሰር ኑርሀን ገብታለች!»

ቤቱ ፈነዳ። ኻሊፍ ሳምቡሳውን አንስቶ «ፕሮፌሰር፣ እስቲ ይቺን ተርጉሚልን፣ ሥጋ ናት ምስር?» አለ። አንቺ ትሪውን ደረጃው ላይ አስቀመጥሽ። አልወረወርሽውም፤ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እንዳይወድቁ አስተካክለሽ ነው የወጣሽው። ብትወረውሪው ይሻለኝ ነበር።

ድሬ ዳዋን ታውቂያታለሽ። እዚህ ስም ከተለጠፈ በሳሙና አይለቅም። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ፕሮፌሰር! ተርጉሚልን!» እያለ ይከተልሽ ጀመር። ሰፈር ውስጥ ለሴቶች አረብኛ ማስተማር ጀምረሽ እንደነበር የሰማሁት ዘንድሮ ነው፤ ሴቶቹም በስሙ ሳቁብሽ፣ አቆምሽ። ከዚያ ሐረር አጎትሽ ጋ ሄድሽ ሲባል፣ እኔ «ዩኒቨርሲቲ ጠርቷት ነው» ብዬ አንድ ዙር አሳቅሁ። ሐረር እኮ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ለእኔ ሃያ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ትምህርት የገባሁት ልቤ ነክቶኝ እንዳይመስልሽ። የባጃጅ ማኅበራችን ወረቀት በዛ፤ በየስብሰባው አውራ ጣቴን ቀለም ስነክር ወጣቶቹ ያዩኛል፣ እሱ ሰለቸኝ። ገና ፊደሎቹን እንደለየሁ መጀመሪያ ያነበብኩት የገዛ ባጃጄን ጀርባ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ቀለም ቀቢው «ምን ልጻፍልህ?» ሲለኝ «እኔ አላውቅም፣ አንተ እንደመሰለህ» ብዬው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ «አላውቅም» የሚል ጽሑፍ ተሸክሜ ከተማውን ስዞር ኖሬያለሁ። ሰው «ምን ማለትህ ነው?» ሲለኝ «ለሚገባው ሰው ነው» እያልኩ እጠቅስ ነበር! አላጠፋሁትም። ከለጠፍኳቸው ነገሮች ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ምሽት መምህርት ፋና ላፕቶፕ ይዛ መጣች። «ዛሬ ደብተር የለም። ከፊልሙ ስር የሚያልፈውን ጽሑፍ ሳይጠፋ ለማንበብ እንሞክራለን። የድሮ ፊልም ነው፣ አማርኛ ጽሑፍ ተሠርቶለታል» አለች። ግድግዳው ላይ የሚሽከረከረው በር ታየ። ከወንበሬ ዘለልኩ።

«ይሄማ የእኔ ፊልም ነው! መምህርት፣ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ ላስተርጉምላቸው።»

«አይ ጋሽ ዛኪር» አለች እየሳቀች። «ዛሬ አያስተረጉሙ፤ ያንብቡ።»

ተቀመጥኩ። ኑርሀን፣ ከዚያ የሆነውን ልንገርሽ። ሰውዬው በሩ ውስጥ ተጣበቀ፤ ክፍሉ ሳቀ። ባርኔጣውን ነፋስ ወስዶት የሆቴሉ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ክፍሉ ሳቀ። ቲማቲም ሲሸጡ ውለው የመጡ እናቶች፣ ከፋብሪካ የመጡ ልጆች፣ ሁሉም እነሳሃል ቤት ይሳቅበት በነበረው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይስቃሉ። ያለ እኔ! ዘበኛው ፊናንስ አልነበረም፣ ውሻዋም አልተሳደበችም፤ ግን ይበልጥ ያስቅ ነበር። ልጅቷ ለካ እንዲህ ብልህ ነበረች? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አልቃሻ አድርጌያት ኖሬያለሁ። ፊልሙ የሚወደደው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ሁላችንም የሆነ ባርኔጣ ተውሰናል፤ አንድ ሰው አውቆ ዝም ብሎ ቢወደን እንመኛለን። ይኸው ነው። የእኔ ምላስ የለበትም።

ባቡር ጣቢያው መጣ። ዝናቡ መጣ። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ መስኮት አጣቢ መሆኑን ተናገረ፤ መርከብ የሚባል ነገር አልጠራም። ከዚያ የእሷ ጽሑፍ ወጣ። እኔ «ከ...መ...ጀ...መሪያው» ላይ እያለሁ ጠፋ። ከኋላዬ ግን አንድ ሰው እየተንተባተበ ጨረሰው። አክስትሽ ነበረች። ጣቷን አየር ላይ እንደዘረጋች «አንተ ዛኪር» አለችኝ፣ «ልጄ ያኔ የነገረችህ ይኼን አይደለም?»

ሁሉም ሲወጣ ፋናን ለምኜ ሰባት ጊዜ አስመለስኳት። በሰባተኛው ሳይጠፋብኝ ደረስኩበት። ቃል በቃል ያንቺ ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርሽም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የምረቃ በዓላችን ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ በዘመድና በጎረቤት ፊት አንድ ነገር ማንበብ አለበት። የበዓሉ ኮሚቴ እኔን «አንተማ የድሮ ፊልምህን አስተርጉምልን፣ ሰው ይሳቅ» አለኝ። ወሬው ተሰማና የሳሃል ቤት ደንበኞች ግማሹ መጡ። ሳሃል ራሱ በከዘራ ተደግፎ መጣ። ኻሊፍ ሸብቶ፣ ቦርጭ አውጥቶ፣ ፊት ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል። ሳየው ድሮው መጣብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ጊዜ ፈተነኝ። ያቺን ፊናንስ አንዴ ባስነሳት ቤቱ የእኔ ነው።

ፋና የመጨረሻውን ክፍል ከፈተችው። እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ዝም ብዬ፣ የተጻፈውን፣ ሳልጨምር። ፊልሙ ይሮጣል፣ እኔ እንደ ደከመ አህያ ከኋላ እጎተታለሁ። ሰውዬው ተናግሮ ጨርሶ ልጅቷ ስትናገር እኔ ገና የሰውዬውን አላገባደድኩም። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው፤ ሳቁ። ቆይቶ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸውና ሳቁ ሌላ ሆነ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ በአንቺ ላይ ያስተማርኳቸው።

«ዛኪር!» አለ ኻሊፍ፣ «አቦ ባቡሩ ሄደብህ እኮ!»

«መምህርት፣ አቁሚልኝ» አልኩ። ፋና አቆመችው። ልጅቷ አፏን ከፈት እንዳደረገች ግድግዳው ላይ ቀረች። ጽሑፉም ከስሯ ቆመ፣ አልሸሸም። እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የጠበቅኩት ውሸቱ እስኪደክምህ ነው።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞርኩ።

«ይህን ከሃያ አንድ ዓመት በፊት፣ የሳሃል ቤት ውስጥ፣ ኑርሀን ነግራችሁ ነበር። እውነቷን ነበር። እኔ ያኔ በየትኛውም ቋንቋ አንዲት ፊደል አላውቅም ነበር። ፕሮፌሰር ብዬ ያሳቅሁባት እንዳልጋለጥ ብዬ ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። ሳሃል ከዘራውን እያየ «እኔም ያን ቀን ጽሑፉን አይቼ ጠርጥሬ ነበር፤ ዝም አልኩ» አለ። ኻሊፍ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ሲወጣ ይዞኝ «የእኔንም ይቅርታ ለኑርሀን ንገርልኝ» አለኝ፤ «አልነግርልህም፣ መንገዱ ክፍት ነው» አልኩት። እኔ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ደረቴ ነፋ ብሎ፣ ሌላ ጀብድ የሠራሁ ያህል። አዴ ሃሊሞ ነች ያፈነዳችው። የምስክር ወረቀቷን በፌስታል ይዛ መጣችና፣ «ጥሩ ነው። ለእኛ መንገር ግን ቀላሉ ነው። አሁን ለእሷ ጻፍ» አለችኝ።

ልክ ናት። ምክንያቱም እዚያ ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ።

የደቻቱ ድልድይ። ስሙ ከወጣብሽ አንድ ወር ይሆነዋል። እኔ ከእነኻሊፍ ጋር ድልድዩ አጥር ላይ ተቀምጫለሁ። አንቺ ቀጥ ብለሽ መጣሽና «ዛኪር፣ አንዴ ለብቻህ» አልሽኝ። ሁለት እርምጃ ብቻ ራቅ አልን። «አንተ ተዉ ብትላቸው ይተዋሉ» አልሽኝ። ቀጥለሽም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እኮ ስለ ሽፋኑ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አልሽኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አቧራው፣ ሻሽሽ፣ ሽፋኑ መዞሩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ከድሬ ሰው ሁሉ ምስጢሬን የምታውቀው አንዲት ሴት ናት፤ ሦስት ዓመት ጠብቃልኛለች፣ አሁን የምትለምነኝ አንዲት ቃል ነው። «ተዉ» የምትል። እኔ ምን አልኩ? ወደ ጓደኞቼ ዞሬ፣ እጄን እንደ ትራፊክ ዘርግቼ፣ «መንገድ ልቀቁ ለፕሮፌሰር!» አልኩ።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ደንግጬ ነው ማለት እችላለሁ። ድልድዩ ላይ ግን አውቄ ነው። ሙሉ በሙሉ ገብቶኝ፣ አንቺ ማን እንደሆንሽ አውቄ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ይህን ለማለት ነው ፊደል የቆጠርኩት ብል ደግሞ ሌላ ጉራ ይሆንብኛል፤ ግን ፊደል በመቁጠሬ ልልሽ ችያለሁ።

በድዬሻለሁ፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ካልሆነልሽም አልከፋብሽም፤ መልስም አልጠይቅሽም። በፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ሰውዬውን ባቡሩ ሳይነሳ ይቅር ትለዋለች፤ የእኛ ባቡር ግን ከሄደ ቆይቷል፤ አንቺም የምትመለሽበት ቤት አለሽ፣ እኔም የምመለስበት አለኝ። አንቺም ያኔ እስኪደክመኝ እየጠበቅሽ ነበር ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ባለትዳር ሴት እንዲህ አትጠየቅም። ደክሞኛል ልልሽ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ቃል እገባለሁ። ፋና ከመጪው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሴቶች አረብኛ የሚያስተምር ሰው እየፈለገች ነው። እኔ ስምሽን አልሰጠኋትም፤ ያለ ፈቃድሽ ስም መስጠት አንዴ ይበቃኛል። ብትፈልጊ አዴ ሃሊሞ ስልኳን ይዛለች። ከመጣሽ ግን ከሐረር መኪና ማቆሚያ እስከ ትምህርት ቤቱ በባጃጄ አደርስሻለሁ፤ ወሬ የለም፣ ቀልድ የለም፣ አፌን ዘግቼ። ይህ ለእኔ ከፊደልም ይከብዳል፤ ግን እችለዋለሁ።

ደብዳቤውን አሁን ከላይ እስከ ታች መልሼ አነበብኩት። ሦስት ቦታ ሰረዝኩ፤ ሦስቱም ጉራ ነበሩ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ማንም አላቃናልኝም፤ ራሴ ነኝ ቀጥ አድርጌ የያዝኩት።

ዛኪር
ድሬ ዳዋ፣ መጋላ